የሐሙስ ፈቃድ

«የሐሙስን ፈቃድ እኔ አልከለከልኳችሁም! ሲስተሙ ነው የከለከላችሁ» አሉ የማምረቻው ኃላፊ አቶ በኃይሉ፣ የቢሯቸው በር ላይ ቆመው። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው በግቢው በር የምትገባውን ልጅ አሳዩ። «ይኸውላችሁ፣ የሠራችውም መጣች። እሷን ጠይቋት።»

ትርሲት የደብተር ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ እንዳንጠለጠለች ከትምህርት ቤት በቀጥታ መምጣቷ ነበር። ምሳ አልበላችም፤ በዚያ የጥር ንፋስ ሹራብ እንኳ አልደረበችም። የሱፍ አጠባ ክፍል ሴቶች በአንድ ጊዜ ዞረው ሲያዩዋት ባለችበት ቆመች። አሥራ አንድ ናቸው። አብዛኞቹ አዝለዋታል፣ አፍንጫዋን ጠርገውላታል። ከመካከላቸው አንዷ የገዛ እናቷ ጌታነሽ ናት። እናቷ ግን ቀና ብላ አላየቻትም፤ ውኃ ያኮማተረው እጇን በሽርጧ ደጋግማ ትጠርጋለች።

«አንቺ ነሽ እንዴ የዘጋሽብን?» አሉ እትዬ ኮከቤ።

«እኔ... እኔ አልዘጋሁም፣ እትዬ። ለአንድ ቀን ሦስት ፈቃድ ጠያቂ ሲሞላ ራሱ ነው የሚዘጋው።»

«ራሱ? እግር አለው? ዓይን አለው?» እትዬ ኮከቤ ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው አሳዩዋት። «ይኼ እንደማይከፍተው ታውቂያለሽ። ትናንት በምሳ ሰዓት መጥቼ በቢሮው ኮምፒውተር አስሞላልዎታለሁ አላልሽኝም? እዚያ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁሽ እኮ!»

እውነት ነው፤ ትርሲት ብላለች። ሰኞ የሒሳብ ፈተና ነበራቸው፤ ከፈተናው በኋላ ከጓደኛዋ ከጽናት ጋር መልስ ሲያመሳክሩ፣ ሲከራከሩ፣ ቀኑ አለፈ። እትዬ ኮከቤ ትዝ ያሏት ማታ አልጋዋ ላይ ከወጣች በኋላ ነው።

ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር ተከልሎ አራት ዓመት ሙሉ ማጭድ አልነካውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ለአጨዳ እንደሚከፈት ተናገሩ። የመንደሩ ደንብ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ በመክፈቻው ጠዋት ከባለመብቱ ቤት የተመዘገበው ሰው ራሱ ቆሞ ስሙ ካልተጠራ፣ ያ ቤት በዚያ ዙር ሣር የለውም። እትዬ ኮከቤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንዲት የልጅ ልጃቸው ጋር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የቤታቸው ክዳን ባለፈው ክረምት በሦስት ቦታ ሲያፈስ፣ ልጅቷን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እያዘዋወሩ ሲያስተኙ ከርመዋል። ለሚመጣው ክረምት ሌላ ክዳን የላቸውም።

«ከመካከላችሁ ቀድሞ የተጫነ አገኘ፤ የዘገየ ቀረ» አሉ አቶ በኃይሉ። «ከዚህ በላይ ፍትሕ የት አለ? ጌታነሽ አገኘች። የምሥራች አገኘች። ያቺ ሌላዋም አገኘች። አለቀ።»

«የምሥራች ቤቷ ቆርቆሮ ነው! ሣር ለምኗ ነው?» አለች አንዷ ከኋላ።

የምሥራች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስማርት ስልኳን ከእጇ አትለይም። «ሣር አጭዳለሁ መቼ አልኩ? የአክስቴ ልጅ ሰርግ አለብኝ። ቀድሜ ተጫንኩ፤ ምን አጠፋሁ?»

«ሰርግ!» አሉ እትዬ ኮከቤ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ማጠቢያው ገንዳ ተመለሱ።

ትርሲት ሴቶቹ እስኪበተኑ ጠብቃ ወደ ቢሮው ገባች።

ድርጅቱ ብርድ ልብስና ምንጣፍ የሚሠራ የደጋ ሱፍ ማምረቻ ነው። የውስጥ ድረ ገጹን የሠራችው እሷ ናት፤ «ሰሌዳ» ብላ ስም ያወጣችለትም እሷ። ከግቢው ውጭ አይከፈትም፤ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ በግቢው ዋይፋይ ብቻ የሚታይ፣ የሠራተኛው ብቻ የሆነ ገጽ ነው። ማስታወቂያ አለው፣ የፈረቃ ሰንጠረዥ አለው፣ የስልክ ቁጥሮች አሉት፣ ፈቃድ መጠየቂያ አለው። የትምህርት ቤቱን የኮምፒውተር ክበብ የሚመሩት መምህር መርስዔ ኃዘን ሥራውን ሲሰጧት «የሚጠቀሙበትን ሰዎች ጠይቂ» ብለዋት ነበር። እሷም አቶ በኃይሉን ጠየቀች። ሁለት ሳምንት የፈጀባት አረንጓዴውን ቀለም መምረጥና ከላይ ያለችውን የበግ ሥዕል ማስተካከል ነበር።

«ጋሼ በኃይሉ፣ እባክዎ ለሐሙስ ብቻ ቁጥሩን ከፍ ላድርገው።»

«አይሆንም።»

«እትዬ ኮከቤ እኮ ቤታቸው...»

«ትርሲት፣ ስሚኝ።» ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀመጡ፤ ድምፃቸው እንደ መለስለስ አለ። «እኔ እዚህ ከመጣሁ አምስት ወር ሆነኝ። ፈቃድ በከለከልኩ ቁጥር አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ትረግመኛለች፣ አንዷ በቄስ ታስለምነኛለች። አሁን ይርገሙ ካሉ ሲስተሙን ይርገሙ። ሲስተም ሰው አያውቅም፤ እኔ የወደድኩትም ለዚህ ነው። ጎበዝ ልጅ ነሽ እኮ! ዓርብ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ፣ አንቺ ነሽ የምታስረጃቸው። ለክረምቱ የደብረ ብርሃን የኮምፒውተር ሥልጠናም የድጋፍ ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ሥራሽን አታበላሺ።»

ትርሲት ስትወጣ በሩን ከሚገባው በላይ ጮክ አድርጋ ዘጋችው።

ጽናት አጥሩ ጥግ ቆማ ትጠብቃት ነበር። ሁሉንም ሰምታ ስትጨርስ ትከሻዋን ሰበቀች።

«አቦ አታካብጂ! ዋናው ቁልፍ አንቺ እጅ አይደል? የምሥራችን አጥፊና እትዬን ጻፊ። ማን ያውቃል?»

«ሼም ነው ባክሽ።»

«ሼምስ የሷ! ለሰርግ ብላ የሰው ቤት ታስፈሳለች? ስልኬን እንኪ።»

ዋይፋዩ ከአጥሩ ውጭ ሁለት ሦስት እርምጃ ድረስ ይይዛል። ትርሲት የጽናትን ስልክ ተቀብላ አጥሩን ተደግፋ ገጹን ከፈተች፤ የይለፍ ቃሉን አስገባች። ሦስቱ ስሞች መጡ። የምሥራችን አጠፋች። ኮከቤ ብላ ጻፈች። «አስቀምጥ» የሚለው ላይ ጣቷን አደረገች።

ነገ የምሥራች ስልኳን ትከፍታለች። ሞልቷል ይላታል። ወደ ቢሮ ትሮጣለች። አቶ በኃይሉም ትከሻቸውን ሰብቀው፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ሲስተሙ ነው ይሏታል። ትርሲት ያንን ድምፅ እዚያው የቆሙ ያህል ሰማችው።

ሳታስቀምጥ ዘጋችው።

«ምነው?» አለች ጽናት።

«እኔም እንደ ጋሼ በኃይሉ ከሲስተሙ ጀርባ ልደበቅ ነው እንዴ?» ስልኩን መለሰችላት።

እናቷ ቤት የገባችው አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ነው። ሽርጧን ፈትታ ጣለችው፤ እንደ ሌላው ቀን አጥፋ አላስቀመጠችውም።

«ሰኞ ጠዋት ስሜን የጫንሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ገና ሲከፈት፣ በጽናት ስልክ፣ በሩ ላይ ሆኜ...»

«ማን ላከሽ?»

«እማዬ፣ የማድ ቤታችን ክዳን እኮ...»

«የማድ ቤቴን ክዳን እኔ አላውቀውም?» ጌታነሽ ድምፅዋን ከፍ የምታደርግ ሴት አይደለችም፤ አሁን ግን ጎረቤት የሚሰማ ጩኸት ነበር። «ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንድ ገንዳ ላይ ስንቆም እንደምን ዋልሽ ያለኝ ሰው የለም! ልጇ ማሽኑን ይዛላት ወሰደችብን ነው የሚሉኝ። ውሸት ናቸው? ንገሪኛ! ውሸት ናቸው?»

ትርሲት ደብተሯን አልጋው ላይ ወርውራ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

«በፊት ማን ፈቃድ እንደሚወስድ እንዴት ነበር የምትወስኑት?» አለች።

«ይኼንን አሁን ትጠይቂያለሽ?» አለቻት እናቷ።

ትርሲት ጥፊ የቀመሰች ያህል አቀረቀረች።

ጌታነሽ ግን ተቀመጠች። ንዴቷ ሳይበርድ፣ ቃሉን እየቆረጠች ተናገረች። «ሰኞ ጠዋት፣ ገንዳው ሳይሞላ ዙሪያውን እንቆማለን። ማን ለቅሶ አለበት፣ የማን ልጅ ታመመ፣ የማን ማኅበር ደረሰ፣ ሁላችንም እናውቃለን። እንሟገታለን። እንሰዳደባለንም። ከዚያ ስሙን ለኃላፊው እንሰጣለን፤ ያልደረሳት ለምን እንዳልደረሳት ታውቃለች። አሁንማ ማን ሰው ይጠይቃል!» ከዚያም ጨመረች። «ሐሙስስ ቢሆን? ሐሙስ እኮ ውኃ የለም።»

«ምን?»

«የእኛ የውኃ መስመር ሐሙስ አይለቀቅም። ሐሙስ ሐሙስ ከበግ ጠጉሩ ላይ እሾህ ስንለቅም ነው የምንውለው። እሱ ለዓርብም ለቅዳሜም ይደርሳል። ሦስት ሰው፣ ሦስት ሰው ይላል። ለየትኛው አጠባ?»

«ለምን ለጋሼ በኃይሉ አትነግሯቸውም?»

«ነገርናቸዋ! ሲስተሙ ቁጥሩን ይዟል አሉን።»

ረቡዕ ትርሲት ከትምህርት ቤት የወጣችው እየሮጠች ነው። ሴቶቹ ገንዳው ዙሪያ ተቀምጠው ምሳቸውን ይበላሉ። ባልዲ ገልብጣ መካከላቸው ተቀመጠች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። ያጠናችው ንግግር ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት። «ገጹን ስሠራ አንዳችሁንም አልጠየቅኩም። ለእትዬ ኮከቤ ደግሞ ቃል ሰጥቼ ቀረሁባቸው። ለእናቴ ቀድሜ የተጫንኩትም እኔ ነኝ፤ እሷ አታውቅም ነበር። አሁን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«አሁን!» አለች አንዷ። «ሣሩ ነገ ሊታጨድ!»

«ተያት፣ ትናገር» አሉ እትዬ ኮከቤ። ድምፃቸው አሁንም ሻካራ ነው።

«ነገ ውኃ ከሌለ ስንት ሰው ቢቀር ሥራው አይጎዳም?»

እዚህ ላይ ግቢው ተናጋ። አራት የምትል አለች፣ ሰባት የምትል አለች። ያለፈውን ዓመት ያነሳች አለች። የምሥራች ቀድሜ ተጭኛለሁ ብላ ተነሥታ ቆመች፤ እኛ አንቺን ለሰርግ ስንት ቀን ለቅቀንሻል ብለው በጣት ቆጠሩላት። ልታለቅስ ደረሰች፤ ግን ተመልሳ ተቀመጠች፣ በልቅሶና በብስጭት መካከል ሆናም «እሺ፣ የእኔ ቅዳሜ ይሁን፤ የሰርጉ መልስ ቅዳሜ ነው» አለች። በመጨረሻ የሣር ክዳን ያላቸው አምስት ሴቶች ተለዩ። ትርሲት ደብተሯ ላይ ጻፈች።

«ጌታነሽስ?» ብላ አንዷ ጠየቀች። ጌታነሽ ጎመኗን በእንጀራ እየጠቀለለች ቀና አላለችም።

«የማድ ቤቷ ክዳን ከእኔም ይብሳል» አሉ እትዬ ኮከቤ፣ ማንንም ሳያዩ። «ጻፊያት። ስድስት።»

አቶ በኃይሉ ለምሳ ወጥተው ነበር። ትርሲት ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ ለአርባ ደቂቃ ያህል ቀና ሳትል ሠራች። ማን ቀድሞ ተጫነ የሚለውን ቅደም ተከተል ሁሉ አወጣችው። «ሞልቷል» የሚለውን ቃል ከገጹ ላይ ፈልጋ አጠፋችው። በምትኩ ጥያቄው በቀጥታ ወደ ኃላፊው እንዲሄድ አደረገች። ኃላፊው ሁለት ቁልፍ አላቸው፤ አንዱ «ፈቅጃለሁ» ይላል፣ ሌላው «ከልክያለሁ»። ከከለከሉ ምክንያት መጻፍ አለባቸው፤ ባዶውን ካለፉት አይሄድም። ከሥሩ የውሳኔው ባለቤት ስም ለሁሉም ይታያል። ከዚያ የስድስቱን ሴቶች ስም ለሐሙስ አስገባች።

አቶ በኃይሉ ሲገቡ ተነሥታ ቆመች። «ጋሼ፣ የፈቃዱን ገጽ ቀይሬዋለሁ። ይዩት።»

ቆመው አነበቡት። «ከልክያለሁ፣ በኃይሉ... ይኼ ምንድን ነው? ስሜን ማን አስገቢ አለሽ?»

«የሚከለክሉት እርስዎ ነዎት።»

«መልሺው።»

«አልመልሰውም።»

«ትርሲት! ዓርብ እንግዶች ይመጣሉ ብዬሻለሁ። ደብዳቤውን የምጽፈው ማን እንደሆነ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም።» አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፌ እዚህ ትቼልዎታለሁ። ሌላ ሰው አምጥተው ማስመለስ ይችላሉ። እኔ ግን ሞልቷል የሚለውን ቃል ሁለተኛ አልጽፈውም። ሐሙስ ውኃ እንደሌለ ያውቁ ነበር፣ ጋሼ። ሴቶቹ ነግረዎት ነበር።»

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ኮከቤ ገቡ፤ ከኋላቸው አምስቱ። እትዬ ኮከቤ እርጥብ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው አቶ በኃይሉን ብቻ ያያሉ።

አቶ በኃይሉ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ስም ወጣ። ቀስቱ «ከልክያለሁ» ላይ ሄዶ ቆመ። ምክንያት የሚለው ሣጥን ተከፈተ፤ መጻፊያው መስመር ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቃል። ወደ እትዬ ኮከቤ አዩ፣ ወደ ሣጥኑ አዩ።

«ምን ብዬ ልጽፍ ነው አሁን?» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስላል።

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ፣ ጌታዬ» አሉ እትዬ ኮከቤ።

ከዚያ ቀስቱ ወደ ሌላኛው ቁልፍ ተመለሰ። ስድስት ጊዜ ተጫኑ፤ ጥርሱን እንደሚያስነቅል ሰው ፊታቸውን አጨማድደው። ሲጨርሱ ቀና ሳይሉ፣

«የደብረ ብርሃኑን እርሺው» አሉ።

«እሺ» አለች ትርሲት።

ውጭ ፀሐይ ነበር፤ ንፋሱ ግን አልተወም። እትዬ ኮከቤ ደረጃው ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«በመጀመሪያ ብትጠይቂን ኖሮ ይኼ ሁሉ ጩኸት የት ይመጣ ነበር?»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ዕወቂ!» አሏት፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በግድ አለበሷትና ሄዱ።

ትርሲት ነጠላውን እንደለበሰች ትንሽ ቆመች። ከግቢው ማዶ ሸማኔዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ምሳ በልተው ፀሐይ ይሞቃሉ። የፈረቃቸውን ሰንጠረዥ የሠራችው እሷ ናት። ሰማያዊ ነው፤ ያምራል። አንዳቸውንም አላነጋገረችም።

ደብተሯን ገልጣ አዲስ ገጽ አወጣች። እስክሪብቶዋን ነክሳ ትንሽ አሰበችና ተሻግራ ሄዳ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ፈንታ ፊት ቆመች።

«ጋሽ ፈንታ፣ የፈረቃው ገጽ ላይ የሚያናድድዎት ነገር አለ?»

ጋሽ ፈንታ ጓደኞቻቸውን አዩ። ጓደኞቻቸውም እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ጋሽ ፈንታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት።

«ቁጭ በይ» አሏት። «ብዙ ነው።»